ቤት ያጣው ቱቦ

ከወንድሜ ጋር ተከራክሬ የረታሁት አንድ ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው መርታቴን በአፉ ሳይነግረኝ ስለ ቀረ ነው።

ክርክሩ ስለ አንድ ቱቦ ነበር። አውራ ጣት የሚያህል፣ ርዝመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ጥቁር የጎማ ቱቦ። ሰው ስለ ሞተ ወንድሙ ሲጽፍ ስለ ደግነቱ ይጽፋል፣ ወይም ስለ መልኩ። እኔም እንደዚያ ላደርግ ሞክሬ ነበር። ሁለት ገጽ ጽፌ ቀደድኩት። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ቱቦ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

እሑድ ነበር፤ ጎባ፣ እናታችን ግቢ ውስጥ። ወንድሜ ሮቤ የሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። በየመንደሩ እየዞረ ከብት ይወጋል። ባላገሩ «ሐኪማ ሎኒ» ይለዋል፤ የከብት ሐኪም ማለት ነው። እሱም አንድ ቀን እንኳ «ሐኪም አይደለሁም፣ መርፌ ወጊ ነኝ» ብሎ ሲያርም ሰምቼ አላውቅም። ቅዳሜ ማታ መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ሞተር ሳይክል ጎባ ይመጣል፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። እኔ የምማረው ጎባ ስለሆነ ከእናታችን ጋር ነኝ።

በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሱ ነው። ማዘዝም ይወድ ነበር። በቤታችን ታናሽ ታላቁን «ተሳስተሃል» አይልም። ይህ ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ በጣም ከበደኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በየቀኑ ሲሳሳት ይታየኝ ጀመር። መውጫ ያገኘሁለት በጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» እላለሁ። እሱም ወደ እናታችን ዞሮ፣ «ይኸው መጣ። የዚህ ልጅ ጥያቄ መልሱን አዝሎ ነው የሚመጣው» ይላል።

ሞተር ሳይክሉ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ታሞ ነበር። በሮቤ ሜዳ ላይ ደህና ይጋልባል። ወደ ጎባ ዳገት ሲጀምር ግን ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ያን ጊዜ ሐኪማ ሎኒ ወርዶ ይገፋል። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ከአህዮቻቸው ኋላ ሆነው «አካም ቡልቴ፣ ሐኪማ» እያሉ እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል። እሱም እየገፋ በትሕትና ይመልሳል። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ በራሱ ላይ ለመሳቅ አይሰስትም ነበር።

ምክንያቱ የአየር ማጣሪያው ነበር፤ መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉት። ከኮርቻው ሥር ባለች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሞተሩ የሚያድረው መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ፣ ከገለባ ክምር አጠገብ ነው። ወንድሜ ሣጥኗን ሲከፍታት ፊልትሮው አልታይ አለ። መጀመሪያ ገለባ ወጣ፣ ቀጥሎ አቧራ፣ ቀጥሎ አይጥ ከአሮጌ የክትባት ጥጥ የሠራችው አልጋ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። አየችና፣

«ለካ በየሳምንቱ እንግዳ ይዘህ ነው የምትመጣው» አለች።

አዲሱ ፊልትሮ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ተልኮ የመጣ ነው። አሮጌውን ግን አይመስልም። ትንሽ፣ ክብ፣ የሽቦ ቆብ የመሰለ ነገር ነው። ሣጥን አይፈልግም፤ አየርና ነዳጅ የሚቀላቀሉበት ካርቡራተር አፍ ላይ በቀጥታ ተጠልቆ በብረት ማሰሪያ ይጠብቃል። ስለዚህ ሣጥኗ ወጣች። ወንድሜ አዲሱን አጠለቀው፣ በካቻቢቴ አጠበቀው፣ እጁን ጠረገ። እዚያ ላይ ነው ቱቦው የታየን።

አንድ ጫፉ ከሞተሩ ሆድ ጋር ተያይዟል። ሌላው ጫፉ ቀድሞ ሣጥኗ ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ሣጥን የለም። ቱቦው ቤቱ እንደ ፈረሰበት ሰው መሀል ሜዳ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ይህስ?» አለች እናቴ።

«ትርፍ ነው።»

«የግድግዳውን ሰዓት የሠራህ ጊዜም ትርፍ ነው ብለህ ሁለት ብሎን ሰጥተኸኛል። አስቀምጫቸዋለሁ።»

«እማዬ፣ ያ ሰዓት ሲገዛም ጤና አልነበረውም።»

«ሲገዛ ይሄድ ነበር።»

እኔ ቁልፎቹን እጠርግ ነበር። ግን ብዙ ዝም ማለት አልችልም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ይኸው መጣ።»

«ቱቦው ትርፍ ከሆነ የሠሩት ሰዎች ለምን አደረጉት?»

«ለአንተ ጥያቄ እንዲሆን።»

ሞተሩን ረግጦ አስነሣው። ድምፁ አማረ። ወንድሜ ደስ ብሎት ቀና ሲል ቱቦው ጫማው ላይ ተፋበት። ቡፍ ቡፍ የሚል ትኩስ ጉም ከተቃጠለ ዘይት ሽታ ጋር ይወጣል፤ አልፎ አልፎም የዘይት ጠብታ ይጥላል። ወንድሜ ለቤተ ክርስቲያን የለበሰውን ነጭ ሱሪ አልቀየረም ነበር። ሥራውን በአንድ አፍታ እጨርሳለሁ ብሎ ነው።

«ያፈሳል» አለ። «የሚያፈስ ነገር ይደፈናል።»

ቤት ገብቶ የእናቴን የአረቄ ጠርሙስ ቡሽ ይዞ ወጣ። በቢላዋ ጠረበውና ቱቦው አፍ ውስጥ ወተፈው። በመዶሻ እጀታ ሁለት ጊዜ መታው።

«ጋሼ፣ ሰውን አፉንም አፍንጫውንም አንድ ላይ ቢይዙት ምን ይሆናል?»

«ዝም ይላል» አለ ወንድሜ። «ለአንዳንዱ ሰው ጥሩ ነበር።»

ሊሞክረው ወጣ። መንገዳችን ጫፍ ላይ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቱ መካ ደርሰው የመጡ ሽማግሌ ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ወንድሜ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄዶ ሊመለስ ነው። ሞተሩ ሲሄድ ሰማነው፣ ሲዞር ሰማነው። ቀጥሎ አንድ ነገር ጧ አለ። ዶሮ ጮኸች። ቀጥሎ ጸጥታ።

መጀመሪያ የገቡት ሐጂ ናቸው። ዱቄት የሸፈነው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንድ ነገር በሁለት ጣታቸው ከሰውነታቸው አርቀው ይዘዋል። ከኋላቸው ወንድሜ ሞተሩን እየገፋ መጣ። ነጩ ሱሪ ከጉልበት በታች ነጭ አልነበረም።

«እቴ» አሏት እናቴን፣ «ይህን ተረከቢኝ። አሽትቼዋለሁ። አረቄ ነው። ሐጅ አድርጌ የተመለስኩ ሰው በገዛ ደጄ በአረቄ ቡሽ ልተኮስ?»

«ሐጂ፣ ይቅርታ፤ ልጅ ነው» አለች እናቴ። ልጅ የተባለው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።

«እኔን ስቶ ዶሮዬን ነው ያገኛት። ወላሂ፣ አልሞተችም። ቆማ ታስባለች።»

«ሐኪሙ ይያት።»

«የእሱ ሐኪምነት ለበሬ ነው፤ ዶሮ አያይም» አሉና ሐጂ ከሞተሩ ፊት ቁጢጥ አሉ። ቱቦውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከሞተሩ መጋጠሚያዎች ሁሉ ዘይት ወጥቶ ነበር። «ይህን የደፈነው ማን ነው?»

ወንድሜ እንዳልናገር በዓይኑ ገሠጸኝ።

«የወፍጮዬ ሞተር ሆዱ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አለው» አሉ ሐጂ። «አንድ ጊዜ ሠራተኛዬ ያፈሳል ብሎ በጨርቅ ደፈነው። ዘይቱ በየስፌቱ ወጣ። ሞተር ሲሠራ ሆዱ ንፋስ ይሞላል። ንፋሱ መውጫ ካጣ ይነፋል።»

«እንደ በሬ» አለ ወንድሜ ድንገት።

ፊቱ ሲበራ አየሁት። እርጥብ ሣር በልቶ ሆዱ የተነፋ በሬ ሲያመጡለት ጎኑን በወፍራም መርፌ ወግቶ ንፋሱን እንደሚያስወጣ ብዙ ጊዜ ነግሮናል። ሲተርክ ድምፁን ሁሉ እያስመሰለ ነው፤ እናቴ ምግብ ላይ እንዳይተርክ ከልክላዋለች።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ሞተሩም—»

«አንተ ዝም በል። ገብቶኛል።»

ቱቦው ክፍት እንዲቀር ተወሰነ። የቀረው ጫፉ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። ቀላል ይመስል ነበር።

ከሞተሩ ጋር የመጣች በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ ነበረችን። ወንድሜ አራተኛ ክፍል ላይ ስላቆመ ማንበቡ የእኔ ሥራ ነው። ይህች መጽሐፍ በቤቱ ውስጥ ያለኝ ብቸኛ ሥልጣን ነበረች። ቀስ እያልኩ፣ ገጹን ወደ ራሴ አስጠግቼ አነበብኩ። ቱቦው መታጠፍ የለበትም። ወደ ታች መውረድ አለበት። ሣጥኗ ስትወጣ ምን እንደሚደረግ ግን አንድም ቃል የለም። ይህን አልነገርኳቸውም። የጎደለውን ከራሴ ጨመርኩ፤ መጽሐፉን ሳልዘጋ ስለ ተናገርኩ ሁሉም የመጽሐፉ መሰላቸው።

በግራ በኩል ጎማውን የሚያዞረው ካቴና አለ። በቀኝ በኩል የጋለው ጭስ ማውጫ አለ። መሀል ላይ የኋላው ጎማ አለ። ቱቦው በሦስቱ መካከል ማለፍ አለበት። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሐጂ ዶሮዋን አይተው ተመለሱ፤ «ማሰቧን ትታለች» አሉና አጠገባችን ተቀመጡ። እኔ ቱቦውን በሞተሩ ጀርባ አውርጄ፣ በቀኙ የእግር መርገጫ ኋላ በኩል አሳልፌ፣ በሽቦ ላላ አድርጌ አሰርኩት፤ ሽቦው አንቆ እንዳይዘው። ጫፉን በምላጭ ሰያፍ ቆረጥኩት። ሥራው አምሮኝ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ተመለከትኩት።

ወንድሜ መሬት ተኝቶ አየና እንዲህ አለ፦

«ሲቆም ጥሩ ነው። ሲሄድ ግን ንፋሱ ጠብታውን ወዴት ይወስደዋል?»

«ወደ ኋላ።»

«ኋላ ያለው ምንድን ነው?»

«ጎማው።»

«ዘይት የቀመሰ ጎማ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀው እሱ፣ የሚመልሰው እኔ ሆንኩ።

«ይንሸራተታል» አልኩ።

«ጎሽ። ትምህርት ቤቱ በከንቱ አልተሠራም።»

ልክ ነበር። አሁን ሳስበው የተናገረው ልክ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስሠራ ውዬ፣ ሐጂ እያዩ፣ እናቴ እየሰማች መሸነፍ አልፈለግሁም። ጥያቄ ማድረጉንም ረሳሁት።

«ተሳስተሃል» አልኩት። «ጠብታው ከባድ ነው፤ ወደ መሬት ይወርዳል። ጎማው ጋ አይደርስም።»

የእናቴ እንዝርት ቆመ። ሐጂ ካፖርታቸውን ማራገፍ ጀመሩ፤ ዱቄቱ ግን ቀድሞ ተራግፎ አልቆ ነበር። ወንድሜ ከተኛበት ሳይነሣ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«እሺ» አለ።

ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ ነገሩን አባሰው። «ይሁን፣ አንተ እንዳልከው ይታሰር። ነገ አጋርፋ በኩል ሥራ አለኝ። ቅዳሜ ስመጣ ጎማውን እናያለን። ዘይት ካለበት ዓመት ሙሉ ይህን ሞተር ታጥባለህ። ንጹሕ ከሆነ እማዬ ፊት ቆሜ ልክ ነበርክ እልሃለሁ።»

«ሁለቱም አይሆኑም» አለች እናቴ። «እሱ አያጥብም፣ አንተም አትልም።»

ሐጂ ሳቁ። እኛም ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሆነም። እራት በላን። ወንድሜ ሱሪውን በአመድና በሳሙና አሸት አሸት አድርጎ ለእናቴ ትቶላት ተኛ። ስለዚያ ማታ ተጨማሪ ነገር ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። የለም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ያካፋ ነበር። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ሞተሩ ከግቢ ሲወጣ ሰማሁት። በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ተማሪ፣ ቱቦህ ያፏጫል» አለ ጮክ ብሎ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ትምህርት ቤት ሆኜ ዝናቡን በመስኮት አይ ነበር። ተሳስተሃል ማለቴ እየቆየ ይከብደኝ ጀመር። ጠብታው በእርግጥ ወደ መሬት ይወርዳል? መጽሐፉ አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ከሮቤ ወደ አጋርፋ ሲሄድ ወንዝ መሻገሪያ ቁልቁለት አለ፤ ጭቃ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ጎማው ዘይት ቢኖርበት ደስ እንደሚለኝ አሰብኩ። ማጠቡን አጥባለሁ፤ ብቻ ይምጣ።

ከቀትር በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከክፍል ጠራኝ። በሩ ላይ ሐጂ ቆመዋል። ካፖርታቸው ላይ ዱቄት የለም፤ ተራግፎ ነው የመጣው።

«ወንድምህ ትንሽ አሞታል» አሉኝ። «ሮቤ ደርሰን እንምጣ።»

በእኛ አገር ትንሽ አሞታል ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። የሰማሁት ጎማ ነው።

እህል የጫነ መኪና ላይ አሳፈሩኝ። ከጎባ ሮቤ ሩቅ አይደለም። ሐጂ በሾፌሩና በራሳቸው መሀል አስቀምጠው ክንዴን ይዘውኝ ነበር። በየመታጠፊያው ጭቃው ላይ የተንሸራተተ ነገር ዱካ እፈልግ ጀመር። የወደቀው በዚህ መንገድ አለመሆኑን እያወቅሁ ነው የምፈልገው። መጠየቅ እችል ነበር። ሐጂ፣ ሞተር ጥሎት ነው? ማለት ብቻ ነው። ጥያቄ የማላጣ ልጅ ያንን አንድ ጥያቄ ማውጣት አልቻልኩም። መልሱን አዝሎ ነበር።

ሮቤ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። አንድም ሰው አልጮኸም፤ ለቅሶውን እኔ እስክደርስ ይዘውት ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ወደ እኔ መጣ። አውቀዋለሁ፤ ወንድሜ ከብት ሲወጋ ገመድ የሚይዝለት ጎልማሳ ሰው ነው። ሸሚዙ ላይ ደም ነበረበት።

«በሬ ነው» አለኝ። «አጥሩን ሰብሮ ወጣ። ገመዱ ከእጄ አመለጠኝ። በሬ ነው የወጋው።»

«ተመስገን» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። ገመድ ያዡ አፉን ከፍቶ አየኝ። ሐጂ ትከሻዬን ጨብጠው ለሰዉ፣ «ደንግጦ ነው፣ ልጁ ደንግጦ ነው» አሉ።

አልደነገጥኩም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ልጻፈው። ወንድሜ መሞቱን በሰማሁባት ደቂቃ በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ጎማው አይደለም። ቱቦው አይደለም። እኔ አይደለሁም። ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም እፎይታው መንገድ ዘግቶ ቆሞ አገኘው። እስካሁንም በደንብ አልተላለፉም።

ለእናታችን ያን ቀን አልተነገራትም። መርዶ ጠዋት ነው የሚነገረው። ሐጂና የእናቴ ንስሐ አባት ከዘመዶች ጋር ሆነው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሊነግሯት ተስማሙ። ሳትሰማ ፊቴን እንዳታየው እኔ ሮቤ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ቤት እንዳድር ተደረገ። ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ከሬሳው ጋር ጎባ እሄዳለሁ ተባለ።

ማክሰኞ ማለዳ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ደረስኩ። ላንድሮቨሩን እያዘጋጁ ነበር። አሁን እየነገሯት ነው፣ አሁን ሰምታለች እያልኩ ቆሜ መቆየት አቃተኝ። ሞተር ሳይክሉን ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አየሁት። ከመንደሩ በመኪና ጭነው አምጥተውት ነበር። ገመድ ያዡ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ያደረ ይመስላል።

ከኋላው ጎማ ፊት ተንበረከክሁ። ለምን እንደማየው አላውቅም፤ በሬ እንደሆነ ተነግሮኛል። ጭቃውን በጥፍሬ ፋቅሁ። ጣቴን በጎማው ጥርሶች መሀል ሰደድኩ፣ አሸተትኩ። ዙሪያውን ሁሉ እንዲያ አደረግሁ። ጭቃ እንጂ ዘይት የለም።

ከዚያ ቱቦውን ፈለግሁ። እኔ ባሰርኩበት አልነበረም።

ሽቦዬ ተፈትቷል። ቱቦው ከሞተሩ ጀርባ ቀጥ ብሎ ወርዶ አንዲት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የክትባት መድኃኒት የሚመጣባት፣ የጎማ ክዳን ያላት ባዶ ጠርሙስ ናት፤ በፋሻ ተጠቅልላ ከብረቱ ጋር ታስራለች። ጠብታው የትም አይሄድም። ጠርሙሷ ውስጥ ይወድቃል። ክዳኑ ላይ ደግሞ፣ ከቱቦው ጎን፣ አንድ ወፍራም መርፌ ተሰክቷል። የበሬ መርፌ ነው። ንፋሱ በእሱ ይወጣል።

«ይህን መቼ ነው የሠራው?» አልኩ።

«ትናንት ጠዋት፣ ከመሄዳችን በፊት» አለ ገመድ ያዡ። «እዚሁ ተቀምጦ። እንሂድ፣ ረፈደብን ብለው አልሰማ አለኝ። ለምንድን ነው መርፌው፣ ድፈነውና እንሂድ አልኩት። አይሆንም፣ ተማሪው ፈርዷል፣ ይተንፍስ ብሏል አለኝ። ይስቅ ነበር። ተማሪው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።» መዳፎቹን እያየ፣ «ገመዱ እርጥብ ነበር» አለ። «ኦቦሌሰ ኬ... ወንድምህን...»

«በሬ ነው» አልኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ላንድሮቨሩ ሞቅ እስኪል የፋሻውን ቋጠሮ ፈታሁ። ጠርሙሷ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ዘይት ተጠራቅሟል፤ ብርዱ ካመጣው ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። አፈር ላይ ደፋሁት። መርፌውን አፌ ላይ አድርጌ ነፋሁት፤ ጭቃ ዘግቶት ነበር። ቀጭን ሽቦ ሰድጄ ከፈትኩት። ደግሜ ነፋሁ፤ አለፈ። ክዳኑ ላይ መልሼ ሰካሁት። ጠርሙሷን በነበረችበት፣ እሱ እንዳሰራት አሰርኳት።

«ይህን ሞተር ሌላ ሰው ይረከበዋል» አልኩት ገመድ ያዡን። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። «ጠርሙሷ በየሳምንቱ ትደፋ። መርፌው እንዳይደፈን። ማንም ይደፈን ቢል እንቢ በል።»

«እሺ» አለ። «ደግመህ አሳየኝ።»

ደግሜ አሳየሁት። ከዚያ ጠሩኝ። እጄን በአፈርና በቀዝቃዛ ውኃ አሸሁት፣ ዘይቱ አልለቅ አለ። እንደዚያው ሄጄ ላንድሮቨሩ ውስጥ ከወንድሜ ጎን ተቀመጥኩ።